የኪችን ካቢኔት በሮችን በስቲከር መሸፈን፦ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የያዝኩት ማስታወሻ

ሐምሌ መጨረሻ

ያለኝ ነገር፦ ኮንዶሚኒየም ኪችን፣ ታች 4 በር፣ ላይ 4 በር፣ 3 መሳቢያ። ሳጥኑ ቺፑድ (ከእንጨት ፍቅፋቂ ተጨምቆ የተሰራ) ነው፣ በሮቹ ግን ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨት ተጨምቆ የተሰራ ጣውላ) ሆነው ላያቸው ላይ ነጭ ፒቪሲ (ስስ የፕላስቲክ ሽፋን) በማሽን ተጭኖባቸዋል፣ ከኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ናቸው ያሰሩት። ነጭነቱ ቀርቶ ቢጫ ከሆነ ቆይቷል። ከላይኞቹ ሁለቱ፣ አንዱ ከምድጃው በላይ አንዱ ከምጣዱ በላይ ያሉት፣ ፒቪሲው ከታች በኩል ለቆ ወደ ላይ ተጠቅልሏል፣ በጣት ሲነካ ይንኮሻኮሻል። ከሲንኩ ስር ያለው በር ደግሞ የላይኛው ጠርዙ ውሃ ጠጥቶ አብጧል።

ጎረቤታችን አናጢ ናቸው፣ ጋሼን ጠርቼ አሳየኋቸው። በሮቹን ብቻ አዲስ ለመስራት እቃውንም የእጅ ዋጋውንም ጨምሮ 38 ሺህ ብር አሉኝ፣ ያውም ለጎረቤት ብለው ቀንሰው። እኔ ስቲከር ልለጥፍበት አስቤያለሁ ስላቸው ይስቁብኛል ብዬ ነበር፣ አልሳቁም፣ በሩን ገልብጠው ጠርዙን በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉና «አንቺ ልጅ፣ ፊቱን ማንም ይለጥፈዋል፣ ጣጣው ጠርዙ ላይ ነው፣ ውሃውም እንፋሎቱም የሚገባው በዚህ በኩል ነው» አሉኝ። ይሄን ነገር እዚህ መጻፌ በኋላ ስለሚመጣ ነው።

ልኬት። የታች በር 45 በ70 ሴንቲ፣ የላይ 45 በ60፣ መሳቢያ 45 በ18፣ ውፍረታቸው 1.8። ገበያ ላይ የሚገኘው ጥቅል አብዛኛው 60 ሴንቲ ስፋት አለው። 45 ላይ የሁለቱን ጎን ውፍረት 3.6 ጨምሩ፣ ወደ ጀርባ የሚታጠፍ በየጎኑ 3 ሴንቲ ጨምሩ፣ 54.6 ይመጣል፣ ስለዚህ 60ው ይበቃኛል። በራችሁ ከ50 በላይ ስፋት ካለው ግን አይበቃም፣ ወይ 90ውን መፈለግ ነው ወይ ደግሞ ለመኪና የሚሸጠውን 1 ሜትር ከ52 የሆነውን። ቁመቱን ለታች በር 80፣ ለላይ 70፣ ለመሳቢያ 28 አድርጌ ስደምረው ወደ 7 ሜትር መጣ። ጥቅሉ 5 ሜትር ስለሆነ ሁለት ያስፈልገኛል፣ ትርፉ ለሚበላሸው።

የእንጨት ስዕል ያለው ከሆነ ደግሞ የጭረቱ አቅጣጫ አለ። መሳቢያውን አግድም ቆርጣችሁ በሩን ቁም ከቆረጣችሁ ጭረቱ ይጣላል፣ አይን ቶሎ ያየዋል። ሁሉንም ስፋቱን በጥቅሉ ስፋት አድርጎ መቁረጥ ነው፣ ትንሽ ያባክናል ግን አንድ አይነት ይሆናል።

ገበያ

መርካቶ ሄጄ አየሁ። ስቲከር ሲባል አንድ ነገር ይመስለኝ ነበር፣ ግን በጣም ይለያያል። አንዱ የሚያብለጨልጭ የማርብል ስዕል ያለው፣ ሲነካ እንደ ፌስታል የሚሳሳ፣ ጥቅሉ 700 ብር። ሌላው ማት (የማያብለጨልጭ) የሆነ፣ የእንጨት ስዕል ያለው፣ በጣት ሲዳሰስ ትንሽ ሻከር የሚል፣ 1,850 ብር። ሻጩ ለሁለቱም «እሳት አይነካው፣ ውሃ አይነካው» ይላል፣ እሺ ብዬ ዝም አልኩ። አንድ የርካሹን ለሙከራ፣ ሁለት የወፍራሙን ገዛሁ። ስትገዙ የጀርባ ወረቀቱ ላይ የሴንቲሜትር መስመር የተሰመረበት መሆኑን እዩ፣ ሲቆረጥ ግማሽ ስራ ያቀላል። ደግሞ ጥቅሉን ከፍታችሁ ዳር ዳሩን እዩት፣ መደርደሪያ ላይ ቆሞ የከረመ ከሆነ ጠርዙ ላይ ይጨማደዳል ሙጫውም ይደርቃል።

ታናሽ ወንድሜ ማስታወቂያ ቤት ነው የሚሰራው፣ መኪናና መስታወት ላይ ስቲከር ይለጥፋል። የማርብሉን ሲያይ «ይሄ ለደብተር ሽፋን ነው» ብሎ ወረወረው። የሚያብለጨልጭ ነገር ከስር ያለችውን አንዲት የአሸዋ ፍሬ ሳይቀር ያሳያል፣ ማቱ ደግሞ ብርሃኑን ስለሚበትነው ይደብቃል። ቀጭኑ የድሮውን ጭረት ሁሉ ወደ ላይ ያወጣዋል። የማርብሉን በኋላ የመደርደሪያው ውስጥ ወለል ላይ አነጠፍኩት፣ ለዛ ጥሩ ነው፣ ቅቤ ቢፈስ ይጠረጋል።

የእንፋሎት ሙከራ

ጋሼ ስለ ጠርዝ ያሉት ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኝ ነበርና በሩ ላይ ከመለጠፌ በፊት መሞከር ፈለግኩ። ከጋሼ ቁርጥራጭ ኤምዲኤፍ ተቀበልኩ። አንዱን ዝም ብዬ ለጠፍኩት፣ ሁለተኛውን ጠርዙን ቫርኒሽ ሁለት እጅ ቀብቼ ካደረ በኋላ ለጠፍኩት፣ ሶስተኛውን ጠርዙ ላይ ስቲከሩን ሳላዞር ፊቱን ብቻ ለጥፌ ዳሩን ልክ በልክ ቆረጥኩት። ሶስቱንም እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ከምጣዱ በላይ በገመድ አንጠለጠልኳቸው። እማዬ እየጋገረች «ይሄ ደግሞ ምንድነው፣ ቋንጣ ነው?» ትላለች።

የምጣዱ አክንባሎ በተከፈተ ቁጥር እንፋሎቱ ተሰብስቦ ነው የሚወጣው። ጋግራ ስትጨርስ ፊቱን ብቻ የለጠፍኩት ከታች በኩል ወደ ግማሽ ሴንቲ ለቋል። ዝም ብዬ ያዞርኩት ሲታይ ደህና ነው፣ ግን በሳምንቱ ድጋሚ ሲጋገር ኤምዲኤፉ ከስር ትንሽ አብጦ ስቲከሩን ገፋው። ቫርኒሽ የተቀባው እንዳለ ነው። ስለዚህ ስቲከሩ ራሱ እንፋሎት አይፈራም፣ ሻጩ ያን ያህል አልዋሸም። የሚበላሸው እንጨቱ ነው፣ እንጨቱ ሲያብጥ ስቲከሩን ይዞት ይነሳል። ከዚህ በኋላ ያለው ስራ ሁሉ ከዚህ ተነስቶ ነው የተሰራው።

ፍልሰታ መግቢያ፣ መፍታት

ፍልሰታን የመረጥኩት ቤቱ ሁሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾም ጠዋት ኪችኑ ባዶ ስለሆነ ነው፣ ቁሌት የለም፣ ቅቤ የለም፣ ማንም አይገባም። በዛ ላይ ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል።

በሮቹን አወረድኩ። ካቻቢቴ ብቻ ነው የሚፈልገው። ማጠፊያው ከሳጥኑ ጋር በሚያያዝበት በኩል ያለውን ብሎን ላላ አድርጎ ማውጣት ይበቃል፣ በሩ ላይ የተቀበረውን ክብ በኩል (35 ሚሊ ነው ቀዳዳው) ግን ፈትቼ አወጣሁት፣ ከስሩ ስቲከሩ እንዲገባ። ሁሉም በር ጀርባው ላይ ቁጥር፣ የማጠፊያዎቹንም ብሎን በየበሩ በላስቲክ ቋጥሬ እዛው ለጠፍኩ። ይሄ ነገር ሰው ይሰለቸዋል ግን በሮቹ አንድ አይነት ይምሰሉ እንጂ አንድ አይደሉም፣ እያንዳንዱ ላይ ማጠፊያው በሚሊ ይለያያል፣ ከተደባለቀ ሲመለስ አንዱ ካንዱ ይጋጫል። ሁለት በር ላይ የማጠፊያው ቪቲ ቀዳዳ ሰፍቶ ነበር፣ ስቴኪኒ ኮላ ነክሬ ጠቅጥቄ ሲደርቅ ቆርጬ ድጋሚ አሰርኩት፣ ይይዛል።

እጀታዎቹ ዝገዋል። አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት በሁለቱ ቀዳዳ መሀል ያለውን ለኩ፣ ከመሀል እስከ መሀል። የካቢኔት እጀታ በ32 ሚሊ ብዜት ነው የሚሰራው፣ 96፣ 128፣ 160 እያለ ይሄዳል። የኔ 96 ነበር። 128 ካመጣችሁ የድሮውን ቀዳዳ በስቱኮ መድፈንና አዲስ መብሳት ነው፣ የተደፈነው ደግሞ ከስቲከሩ ስር ጎድጎድ ብሎ ሊታይ ይችላል። 11 እጀታ በ180 ብር ገዛሁ።

ማጽዳት

ከሁሉ በላይ ጊዜ የበላው ይሄ ነው፣ ከመለጠፉም በላይ። የሽንኩርት ቁሌት ዘይት እየተነነ ለአመታት ሲቀመጥበት የሚፈጥረው ነገር ቅባት ብቻ አይደለም፣ አቧራ ተቀላቅሎበት ደርቆ የቢጫ ቫርኒሽ አይነት ነገር ሆኗል። ለብ ያለ ውሃ በላርጎ፣ ከዛ ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውሃ ሊጥ አድርጌ ቀብቼ ቆየት አድርጌ በስፖንጅ፣ ሶዳው ነው ያነሳው። ማጠፊያው አካባቢና እጀታው ስር በጥርስ ብሩሽ። በውሃ አታርከፍክፉት፣ ጨምቆ መጥረግ ነው፣ ጠርዙ ክፍት ከሆነ ኤምዲኤፉ ይጠጣል።

እዚህ ጋ ሰው አኳራጃ (የቀለም ማቅጠኛው) ይሻላል ብሎኝ ሞክሬዋለሁ። ቅባቱን ያነሳል፣ ግን ራሱ ስስ የሆነ ዘይታማ ነገር ትቶ ይሄዳል፣ እዛ ላይ ስቲከር አይዝም። አኳራጃ ከተጠቀማችሁ መጨረሻው በአልኮል መሆን አለበት። አልኮል ስል ፋርማሲ የሚሸጠው 70 ፐርሰንቱ ነው፣ የእጅ ሳኒታይዘር አይደለም፣ ጄሉ ውስጥ ግሊሰሪን ምናምን ስላለ እሱም ቅባት ይተዋል።

መጽዳቱን የማውቅበት፦ ትንሽ ውሃ ጣል አድርጎ በጣት መዘርጋት። ውሃው ተሰብስቦ ፍሬ ፍሬ ከሆነ ቅባት አለ፣ እኩል ከተዘረጋ ንጹህ ነው። ወንድሜ ደግሞ ፕላስተር ለጥፎ በጥፍሩ ይነቅላል፣ በቀላሉ ከመጣ «ገና ነው» ይላል። ከምጣዱ በላይ ያለውን በር ንጹህ ነው ብዬ ትቼው ሁለት ጊዜ መልሶ አስጠርጎኛል።

የተላጡት ሁለቱ በሮች

የሚለቀውን ፒቪሲ ሸፋፍኖ ላዩ ላይ መለጠፍ ዋጋ የለውም፣ ከስሩ ያለው ሲነሳ የላዩም ይነሳል። ስለዚህ በሁለቱ ላይ ሙሉ በሙሉ ነቀልኩት። የፀጉር ፎን ይበቃል፣ ፒቪሲ 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፣ ከአንድ ጥግ ጀምሮ እያሞቁ ቀስ ብሎ ዝቅ ባለ አንግል መሳብ። ቸኩሎ ቀጥ አድርጎ ከተሳበ የኤምዲኤፉን ቆዳ ይዞ ይወጣል፣ አንዱ በር ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ቦታ ተገሽልጧል። ሌሎቹ ስድስቱ ላይ ፒቪሲው አጥብቆ ስለያዘ አልነካሁትም፣ እንደውም ለስቲከሩ ከባዶ ኤምዲኤፍ የተሻለ ወለል ነው።

የተገሸለጠውን ስቱኮ ሞላሁ፣ ሲደርቅ በሻካራው 120 የብርጭቆ ወረቀት ከዛ በለስላሳው 240። ሲንኩ ስር ያለው በር ያበጠው ጠርዝ ደግሞ በስቱኮ አይመለስም፣ ያበጠ ኤምዲኤፍ ወደ ነበረበት አይገባም፣ ስለዚህ ያበጠውን በ120 ፈግፍጌ ፈግፍጌ ከሌላው ጋር እኩል አደረግኩት፣ ትንሽ ዱቄት ዱቄት አለ። ከዛ ሁለቱ የተላጡት በሮች ሙሉ፣ ሲንኩ ስር ያለው ደግሞ ጠርዞቹ፣ ቫርኒሽ ሁለት እጅ ቀባኋቸው። የመጀመሪያውን እጅ ኤምዲኤፉ እንዳለ ጠጣው፣ በማግስቱ በ240 ፀጉሩን አንስቼ ሁለተኛውን ስቀባ ነው ፊት ያወጣው። ባዶ ኤምዲኤፍ ላይ ሙጫው የሚይዘው እንጨቱን ሳይሆን ላዩ ላይ ያለውን ብናኝ ነው፣ ስለዚህ መቀባቱ ግዴታ ነው።

ቫርኒሹ ሽታው ቤቱን ሞላው፣ ክረምት ስለሆነም አይደርቅም፣ በሮቹን ሳሎን ግድግዳ ላይ ደርድረን ሰነበትን። እንግዳ ሲመጣ አናጢ ቤት ነው የሚመስለው።

ቡሄ ሰሞን፣ መለጠፍ

መጀመሪያ የለጠፍነው መሳቢያዎቹን ነው፣ ትንሽ ስለሆኑ እጅ ማፍቻ ይሆናሉ።

እቃዎቹ፦ ከተር ከነትርፍ ምላጩ (ምላጩን ቶሎ ቶሎ መስበር ነው፣ የደነዘዘ ምላጭ ስቲከሩን አይቆርጥም፣ ይጎትተዋል)፣ የብረት ማስመሪያ፣ ወንድሜ ያመጣት ጫፏ ላይ ጨርቅ ያላት የላስቲክ መግፊያ፣ ፎን፣ መርፌ፣ አቧራ የማይተው ጨርቅ። መግፊያ ከሌለ ያረጀ ኤቲኤም ካርድ በካልሲ ጠቅልሎ ይሆናል፣ ባዶውን ከሆነ ማቱን ይጭረዋል።

አለጣጠፉ፦ ስቲከሩን ገልብጦ በሩን በፊቱ አስተኝቶ መስመሩ ላይ ማስተካከል፣ በየጎኑ 5 ሴንቲ የሚጠጋ ትርፍ። ከላይ በኩል የጀርባ ወረቀቱን 5 ሴንቲ ያህል ብቻ አንስቶ ማጠፍ፣ እሱን መለጠፍ፣ ከዛ አንድ ሰው ወረቀቱን ከስር እየሳበ ሌላው ከመሀል ወደ ዳር እየገፋ መውረድ። ወረቀቱን ሙሉ በሙሉ ከነቀላችሁት አለቀ፣ ራሱ በራሱ ላይ ይለጠፋል፣ አይላቀቅም። ለብቻ ለሚሰራ ሰው ትልቁ በር ይከብዳል፣ መሳቢያውን ግን ለብቻዬ ሰርቻለሁ።

ጠዋት ጠዋት ኪችኑ ባዶ ነው ብዬ ነበር ያቀድኩት፣ ግን የነሐሴ ጠዋት ሙጫው አይነቃም። ሲለጠፍ የያዘ ይመስላል፣ ዞር ሲባል ጥጉ ተነስቷል። እነዚህ ሙጫዎች ከ10 ዲግሪ በታች ብዙም አይሰሩም፣ 20 አካባቢ ነው የሚመቻቸው፣ እኛ ቤት ደግሞ ሲሚንቶው ራሱ ጠዋት ብርድ ይተፋል። ስለዚህ ጠዋት ቆረጣና ጽዳት፣ ከአምስት ሰዓት በኋላ መለጠፍ አደረግነው፣ በሩንም ከመለጠፋችን በፊት በፎን ለብ እናደርገዋለን። መብራት ሲጠፋ ፎኑም ይቆማል፣ በዛን ጊዜ ማቆም ነው የሚሻለው፣ አንድ በር ልጨርስ ብለን በብርድ የለጠፍነው ከሁሉም በፊት ነው ጥጉ የተነሳው።

የሳሙና ውሃ ክርክር። ወንድሜ የማስታወቂያ ሰው ስለሆነ ውሃ ውስጥ ሁለት ጠብታ ላርጎ አድርጎ እየረጨ ካልለጠፍኩ አለ፣ እነሱ መስታወትና ቆርቆሮ ላይ እንዲህ ነው የሚሰሩት፣ ስቲከሩ ወዲያው ስለማይዝ እየተንሸራተተ ይስተካከላል ከዛ ውሃው ይገፋል። እውነቱን ነው፣ ፒቪሲ ባላቸው በሮች ፊት ላይ በጣም ያምራል፣ አንድም አየር አልያዘም። ግን ጠርዙ ላይና ቫርኒሽ በተቀቡት ሁለቱ ላይ እምቢ አልኩት፣ ውሃው መውጫ ካላገኘ እንጨቱ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ሙከራው ላይ አይተነዋል። ፊቱን በውሃ፣ ጠርዙን በደረቁ ተስማማን። በውሃ የተለጠፈው በደንብ እስኪይዝ ደግሞ ማደር አለበት፣ ወዲያው ጠርዙን ማጠፍ አይቻልም፣ ይሄ ነው ቀኑን ያስረዘመው።

አየር የቋጠረ ነገር ከተገኘ በከተር አትቅደዱት፣ በመርፌ ከዳሩ ወግቶ አየሩን ወደ ቀዳዳው መግፋት። በጣም ትንንሾቹ በሳምንት ውስጥ ራሳቸው ይጠፋሉ፣ ዝም ብሎ መተው።

ጥጎቹ

ከሁሉም የሚከብደው። በሩ አራት ጥግ አለው፣ 11 ቁራጭ ሲሆን 44 ጥግ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ላይ ስቲከሩን በፎን አለስልሰን ስበን ጥጉ ላይ ወጠርነው፣ ልክ በማሽን የተሰራ መሰለ፣ ተጨባበጥን። በማግስቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ነጩን ጠርዝ አሳይቷል። ወንድሜ ያስረዳኝ፦ እንዲህ አይነቱ ርካሽ ስቲከር በሲሊንደር እየተዳመጠ ተስቦ የተሰራ ስለሆነ ሲሞቅ ወደ ድሮ ቅርጹ መመለስ ይፈልጋል፣ ለመኪና የሚሆነው ውዱ ደግሞ ፈሶ የሚሰራ ስለሆነ ያን ያህል አይሰበሰብም። ስለዚህ በኛው ላይ መሳብ ክልክል። ማሞቅ ለማለስለስ እንጂ ለመወጠር አይደለም።

የሰራልን አካሄድ፦ መጀመሪያ የላይና የታች ጠርዙን አጥፎ ወደ ጀርባ መለጠፍ። ጎኖቹን ለማጠፍ ጥጉ ላይ ትርፉን በ45 ዲግሪ መቁረጥ፣ ግን ልክ ጥጉ ድረስ ሳይሆን 2 ሚሊ ያህል አስቀርቶ። ልክ ጥጉ ላይ ከተቆረጠ ነጭ ነጥብ ይታያል። ያችን 2 ሚሊ በፎን አሙቆ በጥፍር ጥጉ ላይ ጫን አድርጎ ማስተኛት፣ ከዛ ጎኑን ላዩ ላይ ማጠፍ። ሲያልቅ ጠርዙን ሁሉ ድጋሚ ጠንከር ባለ ሙቀት አሙቆ በጨርቅ ጫን አድርጎ መያዝ እስኪበርድ ድረስ። ይሄ የመጨረሻው ማሞቅ ትልቅ ለውጥ አለው፣ ከዛ በኋላ የተመለሰ ጥግ የለም።

ሙጫው ደግሞ የሚይዘው በግፊት ነው። ዳሩን በመግፊያው አጥብቆ መሄድ፣ ማንኪያ ጀርባም ይሆናል። ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ቀስ እያለ ነው፣ ሁለት ቀን ሳንነካው አስቀመጥን።

ትርፍ 3 ሜትሩ አለቀ ማለት ይቻላል። ሁለት መሳቢያና አንድ የላይ በር ተነቅለው ድጋሚ ተለጥፈዋል።

ጳጉሜ፣ መመለስ

በሮቹ ሲሰቀሉ ስፋታቸው በስቲከሩ ምክንያት በጥቂቱ ጨምሯል፣ ሁለቱ መሀል ላይ መጋጨት ጀመሩ። ማጠፊያው ላይ ያሉት ብሎኖች ለዚህ ነው ያሉት፣ አንዱ ወደ ግራና ቀኝ፣ አንዱ ወደ ውስጥና ውጪ፣ መሰረቱ ላይ ያሉት ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱታል። ግማሽ ዙር እያደረጉ በሩን እየዘጉ ማየት። አራት ማጠፊያ ስፕሪንጉ ሞቶ ስለነበር ቀየርኩ፣ 150 ብር አንዱ።

ጋሼ መጥተው አዩት። ፊቱን አላዩም፣ እንደ መጀመሪያው ገልብጠው ጠርዙን ነው ያዩት፣ ከዛ ከምድጃውና ከምጣዱ በላይ ያሉትን ሁለቱን ጠቁመው «እነዚህን ከታች በኩል አሉሚኒየም አልብሺላቸው፣ ዶሮ ወጥ ሲሰራ ይሄ ጠርዝ ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ላይ ነው» አሉ። ኤል የሆነ ቀጭን አሉሚኒየም በልክ ቆረጡልኝ፣ በሲሊከን ከታች ጠርዙ ላይ ተለጠፈ፣ ብሎን አያስፈልገውም፣ እንፋሎቱ ከስቲከሩ መጋጠሚያ ጋር ሳይገናኝ በብረቱ ላይ ያልፋል። ከስቲከሩ ቀለም ጋር አይሄድም ብዬ ፈርቼ ነበር፣ እጀታዎቹ ብርማ ስለሆኑ ግን ታስቦበት የተደረገ ነው የሚመስለው። ሲንኩ ስር ላለው በር የላይኛውን ጠርዝ ጥግ ጥጉን በሲሊከን ቀጭን መስመር አሳለፍኩበት።

ወጪ፦ ወፍራሙ ስቲከር ሁለት ጥቅል 3,700፣ የማርብሉ 700፣ እጀታ 1,980፣ ማጠፊያ 600፣ ቫርኒሽ 650፣ አሉሚኒየምና ሲሊከን 600፣ አልኮል 300፣ ከተር 180፣ የብርጭቆ ወረቀት 160፣ ስቱኮ 150፣ መግፊያ 150። ድምሩ 9,170 ብር። ወንድሜን በምሳ ነው የከፈልኩት፣ ጋሼ ደግሞ የአሉሚኒየሙን መቁረጫ አልቀበልም አሉ፣ ለበዓል ዳቦ ላክሁላቸው።

ከእንቁጣጣሽ በኋላ

የበዓል ሽንኩርት ሲቁላላ ዋለ፣ ዶሮው ከማታ ጀምሮ እስከ ንጋት። ለሊት ተነስቼ በባትሪ አየሁት፣ የላዩ ሁለት በሮች ላይ ጤዛ ነበር፣ በሰፍነግ ጠረግኩት፣ አልተነሳም። ጠርዙ ላይ ብቻ ሳይሆን ፊቱ ላይም ዘይት ብናኝ ነበር፣ ለብ ባለ ውሃና ትንሽ ሳሙና ይለቃል፣ አጃክስ አይነት የሚፈትግ ዱቄት ግን አትጠቀሙ፣ ማቱን ያብለጨልጨዋል፣ አንድ መሳቢያ ላይ የክብ ምልክት ቀርቷል።

ምጣዱን ግን አንቀሳቅሰነዋል፣ ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርገን። አሉሚኒየም ቢኖርም በየሳምንቱ በቀጥታ እንፋሎት ለመቀበል ስቲከር ትክክለኛ ነገር ነው ብዬ አላምንም። ቦታ ከሌላችሁና ምጣዱ ከበሩ ስር ካልወጣ፣ እዛች በር ላይ ፎርሚካ (ጠንካራ ልባጥ) አስለጥፉ፣ ሌላውን በስቲከር ጨርሱት።

ጥቅምት አጋማሽ

የተነሳ፦ ሲንኩ ስር ያለው በር፣ የላይኛው ቀኝ ጥግ፣ ጥፍር ታህል። እቃ ስናጥብ ውሃው በእጅ ተንጠባጥቦ እዛ ነው የሚወርደው። ሲሊከኑ ከስቲከሩ ጋር ሳይሆን ከላርጎ ቅሪት ጋር ነው የያዘው፣ ስለዚህ ሙሉ መስመሩን አንስቼ፣ በአልኮል ጠርጌ፣ በፎን አድርቄ፣ ስቲከሩን በማስቲሽ ትንሽ ነጥብ መልሼ ተጭኜ፣ ሲሊከኑን ድጋሚ አሳለፍኩ። ማስቲሽ ስትጠቀሙ በጣም ትንሽ፣ ከበዛ ፒቪሲውን ይበላዋል ይጨማደዳል።

ሌሎቹ አስሩ ደህና ናቸው። ከስቲከር ጥቅሉ ስፋት የተረፈ ቀጭን ቀጭን ቁራጭ አለ፣ ጥግ ከተላጠ ለመጠገኛ ብዬ ጠፍጣፋ አድርጌ ካርቶን ውስጥ አስቀምጫለሁ፣ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በኋላ አይቃናም።

አሁን የቀረው የመሳቢያዎቹ ሀዲድ ነው፣ ጎማው አልቆ ሲከፈት ይንኳኳል። ባለኳሱን 45 ሴንቲ ሀዲድ ሶስት ጥንድ ጠይቄያለሁ፣ ዋጋው ከአንዱ ሱቅ አንዱ በእጥፍ ይለያያል፣ ልዩነቱ የብረቱ ውፍረት ነው አሉኝ። ይዤ ስመጣ እጽፋለሁ።